የሸራ ሥራዬና የቀደመችኝ ለተብርሃን

አጎት ለማለት ዐም በሺር በምንለው ሰው ሸራ ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መጥረግ ነበር። ቤቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሎሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ ያለ፣ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። መሬቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሸራ ተዘርግቶ ነበር። ዐም በሺር በባዶ እግሩ መካከሉ ላይ እንደቆመ መጥረጊያ ወረወረልኝና ሳይጠረግ የሚሰፋ ሸራ የለም አለኝ። እጥፋት ውስጥ የቀረች ጠጠር መርፌ ትሰብራለች፤ መርፌ ባትሰብር ደግሞ መንገድ ላይ ሸራውን እየፈገፈገች ትበሳዋለች።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። በመተማ በኩል ተሻግሬ አንድ ወቅት ሰሊጥ ሳርም ከረምኩና ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው ከተማ የገባሁት። አረብኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። የተናገረውን ግማሹን የተረዳሁት ከእጁ ነው። ከሰዓት በኋላ አጠገቡ አስቀምጦ ሲባጎ በሰም ማሸት አሳየኝ። "ሰው ዝናብ ቢመታው ይደርቃል" አለኝ፤ "ሰሊጥ ግን ዝናብ ከመታው ይሻግታል። የምትሰፋው ለእህል መሆኑን አትርሳ።"

ሥራውን ለማያውቁት በአጭሩ ልናገር። የሎሪ ሸራ ከጥቅሉ በልክ ይቆረጣል። ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይታጠፋሉ፤ ስፌቱ በእጥፋቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። እጥፋቱ ፊቱን ወደ ሎሪው ጅራት ማዞር አለበት። ወደ ፊት ካዞረ ነፋስ ይገባበታል፤ ነፋስ የገባበት ዝናብም ይገባበታል። በጠርዙ ዙሪያ ገመድ ይቀበራል፤ ከገመዱ ጎን በመዶሻና በመብሻ ቀዳዳ ይወጣና የነሐስ ቀለበት ይመታበታል። የስፌት መኪናው የማይደርስበት ማዕዘን መዳፍ ላይ ቆዳ ታስሮ በጆንያ መርፌ በእጅ ይሰፋል።

ማዕረግም ነበረው። አዲስ ገቢ ይጠርጋል፣ ሲባጎ ያሻል። ከዚያ ቀለበት መቺ ይሆናል። ከዚያ ሰፊ። ከሁሉ በላይ ቆራጭ ነው፤ ጠመኔና መቀስ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው፤ ኡስታ፣ የሙያ ጌታ፣ ተብሎ የሚጠራውም እሱ ነው። ጠመኔውን ለብዙ ዓመት የያዘው ዐም በሺር ራሱ ነበር። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ አንድ ጠዋት ምንም ሳይል በእጄ አስቀመጠልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾፌሩም ነጋዴውም ኡስታ አበጀ ይለኝ ጀመር።

ኡስታ የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው የራሱን ቤት ነው። እኔም አሰብኩ። ሙያ በልብ ነው ብዬ ግን ከባለቤቴ ከትርንጎ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም።

ዕቅዴ ቦታና የስፌት መኪና ነበር። ቦታውን አገኘሁት። ከሎሪዎቹ ሜዳ መውጫ በር አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከጎኑ ረጅም ግድግዳ፣ ከግድግዳው ፊት ትልቅ የኒም ዛፍ። ከሜዳው የሚወጣ ሎሪ ሁሉ እዚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሬቱ ደልዳላ ስለሆነ ሸራ ለመዘርጋት ይመቻል። በምሳ ሰዓት እየሄድኩ ግድግዳውን በክንዴ እለካ ነበር። ባለወፍጮውን ቦታውን ታከራየኛለህ ወይ ስለው አከራይሃለሁ ይለኛል። መቼ ትገባለህ ሲለኝ መኪናው ይምጣ እላለሁ።

የስፌት መኪናውም ነበረ፤ የኔ ግን አልሆነም። ኒው ሐልፋ ውስጥ ለመስኖ እርሻው የውኃ መከለያ ሸራ ሲሰፉ የኖሩ አንድ ሽማግሌ እጅ ነበር። በእግር የሚመታ፣ ክንዱ ረጅም፣ አራት ድርብ ሸራ ሳይንተፋተፍ የሚበሳ። ሽማግሌው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ መኪናውን ግን በብርድ ልብስ ሸፍነው አልጋቸው አጠገብ አኑረውታል። ይሽጡልኝ ስላቸው ገና ነኝ አሉኝ። በሚቀጥለው በጋ ተመልሼ ስሄድም ያው። እኔም ገና ነኝ ማለት ለመድኩ።

ትርንጎ አንዳንድ ጊዜ፣ በሌላ መኪና ብትጀምረውስ ትለኛለች። በደካማ መኪና የጀመረ ኡስታ ስሙ ይጠፋል እላት ነበር። ዕቅዴ እንከን እንዲኖረው አልፈለግሁም።

ለተብርሃን የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከትግራዩ ጦርነት ሸሽታ ተከዜን ተሻግራ፣ መንደር ስምንት በሚሉት የስደተኛ መቀበያ ቆይታ፣ ከዚያ ካምፕ የገባች ሴት ናት። እናቷን ካምፕ ትታ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ መጣች፤ ማደሪያዋ አንዲት የሩቅ ዘመዷ ዘንድ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ዐም በሺር ሴት ቀጥሮ አያውቅም፤ ግን ጠራጊው ወደ ወርቅ ማውጫ ስለሄደበት ያዛት። መጥረጊያውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስለ ጠጠሯም የነገርኳት እኔ ነኝ።

አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፤ አረብኛዋ ግን ከእኔ አፍ ይልቅ ቶሎ ተፈታ። ከሾፌሮች ጋር ስታወራ ነው የለመደችው። ሾፌር ሸራው እስኪሰፋለት ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። እኔ ሥራ ላይ ስሆን አላወራም። እሷ እየጠረገች ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ምን ጫንክ ትለዋለች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሾፌሮች ከበር ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሷን ሆነ። "ለተ ወዴት ናት?" ይላሉ። እኔ ጠመኔ ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ።

በዚያን ጊዜ ነገሩን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም። ሥራ ታስፈታለች ነበር የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ ታደርግ ነበር። ከቆረጥኩ በኋላ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሰብስባ ዐም በሺርን ልውሰደው ወይ ትለዋለች። እሱም ውሰጂው ይላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከደመወዟ ጋር አንድ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ተሸክማ ትወጣለች። እኔ ካምፕ ላለችው እናቷ የምታነጥፈው መሰለኝ። አዝኜላት ነበር። አንዳንዴም ሰፋ ያለውን ቁራጭ ሆን ብዬ እተውላታለሁ።

ስፌት ማንም ሳያስተምራት ተማረች ማለት ይቻላል። የሰፊውን እጅ ታያለች፤ ሰፊው ለሶላት ሲወጣ ቁጭ ብላ ትሞክራለች። የእጅ ስፌቷ ጠባብና እኩል ነበር። ዐም በሺር ማየት ስላቃተው ስፌት የሚመረምረው በአውራ ጣቱ ነው። አንድ ቀን ሁለት ማዕዘን ሰፍተን ጨርሰን ስንጠብቅ በጣቱ አንዱን ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና የማን ነው ሲል ጠየቀ። የለተ ነው አሉት። ሌላውም እንዲህ ይሁን አለ።

ሌላው የኔ ነበር። ማን እንደሰፋው አልጠየቀም፤ ማንም አልነገረውም። መዳፌ ላይ የታሰረውን ቆዳ ፈትቼ ውኃ ልጠጣ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ከዚያ ሰውዬ አፍ እንዲህ ያለ ቃል አልሰማሁም ነበር፤ ሲናገረውም ለኔ አልነበረም።

ከዚያ የካርቱሙ ጦርነት መጣ። ገዳሪፍ በአንድ ጊዜ ሰው ሞላት። ቤት የነበረው ቤት ተጋራ፣ ቤት ያጣው በዘመድ ግቢ ወድቆ ቀረ። በአንድ ጓሮ ብዙ ቤተሰብ ይውላል፤ ፀሐዩ ደግሞ የገዳሪፍ ፀሐይ ነው። የሎሪ ሥራ ቀነሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ፤ እኛ ሸራ ዘርግተን የሚያሰፋ እንጠብቃለን።

ለተ ግን አልጠበቀችም። ያን ቁርጥራጭ አንዱን ከአንዱ እየገጣጠመች የግቢ ጥላ ትሰፋ ጀመር። ከሥራ በኋላ፣ በእጇ፣ በዘመዷ ቤት። አራት ማዕዘን፣ በየጥጉ ቀለበት፣ አራት ቋሚ ላይ የሚታሰር። የካርቱም ሴቶች እየተቀባበሉ ይገዙታል። አንድ ቀን ሸራ ቤት ይዛው መጥታ ቀለበት ስትመታ አየሁት። የተለያየ ቀለም ያለው፣ ድሪቶ የመሰለ ነገር ነው። ሳቅሁ። "ይሄ የቄስ ጥላ ነው ወይስ የፍየል ቆዳ?" አልኳት። እሷም ሳቀችና ፀሐዩ ቀለም አይለይም ጋሼ አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ወደ ቤቴ ስገባ ግቢዬ ጥላ ለብሷል። ከማእድ ቤቱ ግድግዳ እስከ በሩ ድረስ ያ ድሪቶ ተወጥሯል። ትርንጎ ከሥሩ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ይሄን ማን አመጣው?" አልኩ።

"ገዛሁት። ከዚያች ከናንተ ቤት ከምትሠራዋ ልጅ።"

"የኡስታ ሚስት ጥላ ከጠራጊ ትገዛለች?"

ትርንጎ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስንት በጋ ጥላ ስፋልኝ ብዬ ለመንኩህ፤ መኪናው ሲመጣ አልከኝ። እኔ ፀሐዩን መኪናው እስኪመጣ ጠብቅ ልበለው?"

ለራት አልተቀመጥኩም። ዞር ስትልልኝ ጥላውን ፈተሽኩት። እጥፋቱን ከፈትኩ፣ ስፌቱን በጥፍሬ ሳብኩ፣ ቀለበቱን አወዛወዝኩ። እንከን ፍለጋ ነው። እጥፋቶቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውኃው ወደሚወርድበት አዙራቸዋለች። ቀለበት ከሚመታበት ቦታ ሥር ትርፍ ቁራጭ ደርባለች፤ እኛ ለሎሪ እንኳ እንዲህ አናደርግም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከቀትር በኋላ ወረደ። ትርንጎ ቤት ግባ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ከጥላው ሥር ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ ጠበቅሁ። አንድ ጠብታ ብታገኘኝ ብዬ። አንዲት ብቻ። ነፋሱ ከጎን እየገፋ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው፤ ከላይ ግን ምንም አልመጣም። ዝናቡ ሲያባራ ትርንጎ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ አገኘኋት። የማደርገውን አውቃለች መሰለኝ።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ዐም በሺር ሰበሰበንና ልጆቹ ወደ ፖርት ሱዳን ሊወስዱት መሆኑን፣ ቤቱም እንደሚዘጋ ነገረን። ለእያንዳንዳችን ከዕቃው የሚሆነንን አካፈለ። ለኔ ትልቁን መቀስና መብሻውን ሰጠኝ። ለተን ምን ልስጥሽ ሲላት በጓሮ የተከመረውን ያረጀ ሸራ ጠየቀችው። የቀሩት ሰፊዎች ተያዩ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። የማዳበሪያው ቁርጥራጭ ምን እንደነበረ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። እኔ ለብዙ ዓመት ዕቅዴን በልቤ ስይዝ እሷ የሷን በጀርባዋ ተሸክማ ከፊቴ ስታልፍ ኖራለች። የምትለቅመውም ከኔ መቀስ ሥር ነበር።

ከእንግዲህ የሚቆይ ነገር የለም አልኩ። በማግስቱ በሾዋክ በኩል አድርጌ ኒው ሐልፋ ሄድኩ። ሽማግሌው ታመው ተኝተዋል። ልጃቸው አንድ ሳምንት ያህል አስጠብቃ መኪናውን ሸጠችልኝ። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው ብርድ ልብሱንም ይውሰደው አሏት፤ አቧራ አይወድም አሉኝ። በሎሪ ጭኜ፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር በሁለት እጄ እያቀፍኩት ገዳሪፍ አስገባሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ሳልገባ ወፍጮ ቤቱ ጋ አቁምልኝ አልኩት ሾፌሩን።

ከኒም ዛፉ እስከ ግድግዳው ድረስ ጥላ ተወጥሯል። ድሪቶ አይደለም፤ በደንብ የታጠበ፣ አንድ ቀለም ያለው። ከሥሩ ለተብርሃን ተቀምጣ ትሰፋለች። ሦስት ሴቶች ቆመው ያወሯታል።

ሾፌሩ እናውርደው ወይ አለኝ። ቆይ አልኩት። ወርጄ ሴቶቹ እስኪሄዱ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ይህን ቦታ ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ መቼ ነገርኩሽ?"

"አልነገሩኝም። በምሳ ሰዓት ሲመጡ አይዎት ነበር። ግድግዳውን በክንድዎ ሲለኩት። ኡስታ የለካው ቦታ ክፉ አይሆንም አልኩ።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ግን ዝም ብዬ አልገባሁም ጋሼ። ባለወፍጮውን ጠየቅሁት። አንድ ሰው በየዓመቱ ይጠይቀኛል፣ መልሶ ይሄዳል አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ቆየሁ። የተዉት መሰለኝ።"

"አልተውኩትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሙያ በልብ ነው ልላት አልችልም። ዞር ብላ ሎሪው ላይ ያለውን አየች፤ ብርድ ልብሱ በገመድ ታስሯል፤ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ግማሹን ቦታ ልልቀቅልዎ አለችኝ። በዚህ በኩል መኪናው ይግባ፤ እርስዎ ሎሪውን፣ እኔ የግቢውን።

ነገሩ መልካም ነበር። ዛሬ ሆኜ ሳስበው ለሁለታችንም መልካም ነበር። ነገር ግን እሷ ፈቅዳልኝ በራሴ ቦታ ላይ መግባት አልሆነልኝም። ነጋዴ መጥቶ ለተ ወዴት ናት ሲል እኔ ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ስሰማ ታየኝ። አይሆንም አልኳትና ሎሪው ላይ ወጣሁ።

መኪናው ግቢዬ ውስጥ ተቀመጠ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ የተቀመጠውም በሷ ጥላ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ዘይት እቀባዋለሁ፣ መዘውሩን አዞረዋለሁ፣ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ሥራ የለም። ደንበኛ ኡስታ አበጀ የሚሰፋው ከቤቱ ነው ብሎ አያስብም። ትርንጎ አትናገረኝም፤ ከጎረቤት ጋር ስትነጋገር ግን ድምጿን ዝቅ ማድረግ ጀመረች።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ለተ አንድ ሾፌር ይዛ ከበሬ ቆመች። ሸራው ከመካከሉ ተተርትሯል፤ ለእጅ አይሆንም፤ ሰሊጡ ተጭኖ ይጠብቃል። ሾፌሩን፣ በዚህ ከተማ ይህን የሚሰፋ መኪናም ሰውም እዚህ ቤት ነው ያለው ስትለው ሰማሁ። ለኔ ደግሞ፣ አቀብላለሁ አለችኝ።

ሸራውን ደጅ ዘርግተን አብረን ጠረግነው። እኔ ቆረጥኩ፣ መኪናው በላ፣ እሷ ከፊት እየያዘች ሳበችልኝ። ሳትነገራት እጥፋቱን ወደ ጅራት አዞረች። ሾፌሩ ሲከፍል ድርሻዋን ልስጣት ብል አልወስድም አለች። ብትወስድ ይሻለኝ ነበር።

ስትወጣ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ጋሼ፣ ሾዋክ ሄደው ያውቃሉ ለሥራ?" አለችኝ። "ሾፌሮቹ ሁልጊዜ ስለ ሾዋክ ያማርራሉ። እኔ እናቴን ትቼ አልሄድም። እርስዎ ግን ቢጠይቋቸው።"

ምክሯን መቀበል እንደ እሬት መረረኝ። ለትርንጎም የሷ ምክር ነው አላልኳትም። ግን ሄድኩ።

ሾዋክ መጋጠሚያ መንገድ ነው፤ ወደ ገዳሪፍም ወደ ከሰላ ከተማም የሚሄድ ሁሉ እዚያ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ግድግዳ አልለካሁም። ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት አለች፤ ከሷ ዘንድ ተቀምጬ ዋልኩ፣ በማግስቱም ዋልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌር አናገርኩ ማለት እችላለሁ። ሸራህ ከየት ይቀደድብሃል? ሲቀደድ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ላይ ሰላላ ነበር ድምፄ። እነሱ ግን የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ያወራሉ።

የነገሩኝ ካሰብኩት ሌላ ነበር። አዲስ ሸራ የሚያሰፋ ሰው ጥቂት ነው፤ ከቻይና የመጣው ፕላስቲክ ረክሷል። ፕላስቲኩ ግን ቀለበቱ ቶሎ ይነቀላል፤ ነፋስ ሲያገኘው ከጠርዙ ይተረተራል። ሾፌሩ ደግሞ ጭነት ይዞ አያድርም። ሻይ ጠጥቶ እስኪነሳ የሚጠግንለት ሰው ነው የሚፈልገው። አንዱማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ኡስታ አልፈልግም፤ ቶሎ የሚሰፋልኝ እፈልጋለሁ" አለኝ።

ዕቅዴን እዚያው ሻይ ቤት ቀየርኩት። ረጅም ግድግዳ አላስፈለገኝም። ከሻይ አፍይዋ ጎን ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። ፈቃዱን፣ እነሱ ሩኽሳ የሚሉትን፣ ለማውጣት ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስኩ። መኪናውን ከኒው ሐልፋ በመጣበት መንገድ ግማሽ መንገድ መለስኩት። የቀለበትና የገመድ ክምችት ያዝኩ። ቀለበት ከሚመታበት ሥር ትርፍ ቁራጭ መደረብንም ጀመርኩ። ከማን እንዳየሁት የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔም አልናገርም።

ሥራው ያዘ። በሰሊጥ ወቅት ቁጭ ብዬ ምሳ አልበላም። ትርንጎ ከገዳሪፍ ጠቅልላ መጥታለች። ያን ድሪቶ ጥላ ፈትታ ይዛው መጣች፤ ተይው አዲስ እሰፋልሻለሁ ብላት አልሰማችኝም። አሁን ሾዋክ ባለው ግቢያችን ተወጥሯል። በየክረምቱ እያየሁት ነው፤ አላፈሰሰም።

ገዳሪፍ የምሄደው ሲባጎና ቀለበት ለመግዛት ነው። በሌላ መንገድ መሄድ እችላለሁ፤ ግን እግሬ በወፍጮ ቤቱ በኩል ይወስደኛል። ለተ አሁን ሁለት ሴቶች ታሠራለች፤ የራሷ የስፌት መኪናም አላት። ለጉሊት ነጋዴዎች፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ቤት ጥላ ትሰፋለች። እናቷን ከካምፕ አውጥታ ከጎኗ አስቀምጣታለች። እኔን ስታይ ብድግ ብላ ወንበር ታመጣለች፤ ሴቶቹን፣ ሙያ ያስተማረኝ ኡስታ ይህ ነው ትላቸዋለች። እናቷም ትመርቀኛለች።

እኔ ግን ምርቃቱን እየሰማሁ ዓይኔ ከግድግዳው አይነቀልም። በክንዴ የለካሁት ግድግዳ ነው። ሎሪዎቹ ፍጥነት ሲቀንሱ፣ ሾፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው ለተ እንዴት ነሽ ሲሏት እሰማለሁ። ሾዋክ የኔ ሥራ ደህና ነው፤ ከሷ እንኳ ባይበልጥ አያንስም። ቢሆንም እቀናባታለሁ። ያልፋል ብዬ ነበር፤ አላለፈም። ሰላም ብዬ፣ ሻይዬን ጨርሼ፣ ሲባጎዬን ይዤ እመለሳለሁ።

በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ የራሳችሁን ቤት ልትከፍቱ የምታስቡ፣ ከኔ የምትወስዱት ይህን ነው። ከእናንተ የሚገዛውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ዕቃ ከዚያ በኋላ ይገዛል። የወደዳችሁትን ቦታ ደግሞ በሆዳችሁ አትያዙት፤ ለባለቤቱ ቁርጡን ንገሩት።